የምንጥለው መልስ፦ በቋሚ ሽምጠጣ ስለሚደረግ ማሳደድ ከጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ደጃፍ የተማርኩት



ርእሴ ከፊዚክስ መግቢያ ትምህርት የመጀመሪያ ሳምንታት የተወሰደ ነው። አንዱ አካል በቋሚ ፍጥነት ይጓዛል፤ ሌላው ከቆመበት ተነሥቶ በቋሚ ሽምጠጣ ይንቀሳቀሳል፤ ማለትም ፍጥነቱ በየሰከንዱ በእኩል መጠን ይጨምራል። መቼና የት ይገናኛሉ? ከመካከላችሁ ይህን ጥያቄ ያልሠራ አይኖርም። እኔም ለብዙ ዓመታት አስተምሬዋለሁ። የዛሬው ንግግሬ ግን በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሳላስተምረው ስላለፍኩት ክፍል ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመምህራን ሥልጠና ለመስጠት ወደ ጋምቤላ ሄጄ ነበር። ሥልጠናው አልቆ ስመለስ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሊሸኘኝ መጣ። ስሙን አልጠራም። የአኝዋክ ተወላጅ ነው፤ የመጀመሪያ ትምህርቱን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ጀምሯል፤ በገበያና በመሥሪያ ቤት በአማርኛ ይግባባል፤ ፊዚክስን የተማረው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ዛሬ የሒሳብ መምህር ነው። አውሮፕላኑ እስኪመጣ ጊዜ ስለነበረን ከቅጥሩ ውጭ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ቆምን። ሙቀቱ ከባድ ነበር። ስለ ቤተሰብና ስለ ሥራ ከተጨዋወትን በኋላ ዝም አለና እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦

«መምህር፣ ያቺ ስድስተኛዋ ሰከንድ ምን ላይ ደረሰች?»

አልገባኝም። እርሱ ግን አስታወሰኝ። በማጠቃለያ ፈተና ላይ ያወጣሁት ጥያቄ እንዲህ የሚል ነበር፦ አንድ ተማሪ በሰከንድ 5 ሜትር ቋሚ ፍጥነት ወደ ቆመ አውቶቡስ ይሮጣል። ከበሩ 12 ሜትር ሲቀረው አውቶቡሱ በ1 ሜትር በሰከንድ ካሬ ሽምጠጣ ይነሣል። ተማሪው ከበሩ ጋር የሚስተካከለው መቼ ነው? እኩልዮሹን ያስተካከለ ሰው ሁለት መልስ ያገኛል፦ 4 ሰከንድና 6 ሰከንድ። እርሱ ሁለቱንም ጻፈ። እኔ 6ቱን በቀይ ሰርዤ ነጥቡን ቀነስኩበት።

ፈጥኜ ለመመለስ ሞከርኩ። «በ4ኛው ሰከንድ ይደርስበትና ይሳፈራል፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ ያለው አያስፈልግም» አልኩት።

«ጥያቄው ይሳፈራል አይልም ነበር» አለኝ በትሕትና። «ከበሩ ጋር የሚስተካከለው መቼ ነው ነበር የሚለው። ያን ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ልጠይቅዎት አስቤ ነበር። ነገር ግን መልስ እንጂ ጥያቄ የሚቀበሉ አልመሰለኝም።»

በዚያ ዓመት ተማሪዎች ወደየትምህርት ክፍሉ የሚመደቡት በውጤታቸው ነበር። የእርሱ የመጀመሪያ ምርጫ ፊዚክስ እንደነበረና በጥቂት ነጥብ እንዳለፈው የሰማሁት ያኔ፣ በዚያ ዛፍ ሥር ነው። የተናገረው እንደ ወቀሳ አልነበረም። ለእኔ ግን ከባድ ነበር፤ ምክንያቱም ትክክለኛው እርሱ ነበር። በ4ኛው ሰከንድ ሯጩ በሩን ይደርስበታል። ሳይሳፈር በዚያው ፍጥነት መሮጡን ቢቀጥል ጥቂት ይቀድማል፤ አውቶቡሱ ግን ፍጥነቱን እየጨመረ ስለሆነ በ6ኛው ሰከንድ በሩ እንደገና ከጎኑ ይደርሳል፤ ከዚያም ጥሎት ይሄዳል። እኔ የሰረዝኩት ስሕተት ሳይሆን እውነተኛ ክስተት ነበር።

በዚህ መካከል ከአዲስ አበባ የመጣው ባለ ሁለት ሞተር ኪው 400 አውሮፕላን አረፈ። ተማሪዬ ስንጥር አንሥቶ መሬት ላይ መስመር አሰመረ። «አውቶቡሱን እንተወውና አውሮፕላኑን እንያዝ» አለ። ቀጥሎ የማቀርብላችሁ ከዚያ መሬት ላይ ከተጻፈው የተነሣ ነው።

አውሮፕላኑ በመንደርደሪያው ጫፍ ቆሞ በ2 ሜትር በሰከንድ ካሬ ሽምጠጣ ይነሣል እንበል። ከአጥሩ ውጭ፣ ከመንደርደሪያው ትይዩ በሆነ መንገድ፣ አንድ ልጅ በሰከንድ 5 ሜትር ቋሚ ፍጥነት ወደዚያው አቅጣጫ ይሮጣል። ሰዓታችንን አውሮፕላኑ ሲነሣ እናስጀምር። በዚያች ቅጽበት የአውሮፕላኑ አፍንጫ ልጁን የሚቀድምበትን ርቀት «ር»፣ ጊዜውን «ጊ» እንበላቸው። ከልጁ መነሻ ስንለካ ልጁ 5ጊ ሜትር ላይ ይገኛል፤ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ደግሞ ር + ጊ² ላይ። የሚገናኙት ሁለቱ ቦታዎች እኩል ሲሆኑ ነው። ስለዚህ፦

ጊ² − 5ጊ + ር = 0

ይህች አንዲት እኩልዮሽ በመማሪያ መጻሕፍት ተለያይተው የሚቀርቡትን የማሳደድ ጥያቄዎች ሁሉ በውስጧ ይዛለች። የሚለወጠው ር ብቻ ነው።

ልጁ ከአፍንጫው 6 ሜትር ወደ ኋላ ከነበረ፣ ር = 6 ነው፤ መልሶቹ 2ና 3 ሰከንድ ይሆናሉ። በ2ኛው ሰከንድ ልጁ አውሮፕላኑን ያልፈዋል፤ በ3ኛው አውሮፕላኑ ልጁን ያልፈዋል። በተለምዶ የምንጥለው 3ን ነው።

ልጁና አፍንጫው በአንድ መስመር ላይ ከነበሩ፣ ር = 0 ነው፤ መልሶቹ 0ና 5 ይሆናሉ። ፖሊስ ጥፋተኛ መኪናን የሚያሳድድበት ዝነኛ ጥያቄ ይህ ነው። እዚህ የምንጥለው 0ን ነው፤ የሚገርመው ግን በዜሮ ሰከንድ በእርግጥ ጎን ለጎን ነበሩ።

ልጁ 24 ሜትር ቀድሞ ከነበረ፣ ር = −24 ነው፤ መልሶቹ −3ና 8 ይሆናሉ። እዚህ የምንጥለው −3ን ነው።

ልብ በሉ። በመጀመሪያው ትልቁን ጣልን፤ በሁለተኛው ትንሹን፤ በሦስተኛው አሉታዊውን። ተማሪው ከዚህ የሚማረው ምንድን ነው? «ከሁለቱ አንዱ ይጣላል፤ የትኛው እንደሚጣል የሚያውቀው መምህሩ ነው» የሚለውን ብቻ። ይህ ፊዚክስ አይደለም፤ የመምህርን ፊት ማንበብ ነው።

እንግዲህ መልሶቹን ከመጣላችን በፊት እንመልከታቸው። 2ና 3 ሲደመሩ 5 ናቸው። 0ና 5 ሲደመሩ 5 ናቸው። −3ና 8 ሲደመሩም 5 ናቸው። አማካያቸው ሁልጊዜ 2.5 ሰከንድ ነው። በ2.5ኛው ሰከንድ ምን ይሆናል? የአውሮፕላኑ ፍጥነት በሰከንድ 5 ሜትር ይደርሳል፤ ከልጁ ፍጥነት ጋር እኩል ይሆናል። ሁለቱ መልሶች ዘወትር ፍጥነቶቹ እኩል በሚሆኑባት ቅጽበት ግራና ቀኝ በእኩል ርቀት ይቆማሉ።

ይህ ለምን ሆነ? ለማየት ዓይናችንን ከመሬት አንሥተን ልጁ ጋር እናድርግ። በባሮ ወንዝ ላይ በታንኳ የሚወርድ ሰው በዳር ያሉት ዛፎች ወደ ኋላ ሲሸሹ ያያል። ልጁም እንዲሁ፣ ራሱን እንደ ቆመ ቢቆጥር፣ የቆመው አውሮፕላን በሰከንድ 5 ሜትር ወደ ኋላ ሲመጣበት ያያል። ቀስ በቀስ የኋሊት ጉዞው ይቀንሳል፤ በ2.5ኛው ሰከንድ ቀጥ ይላል፤ ከዚያም ወደ ፊት ይመለሳል። ይህ እንቅስቃሴ ለሁላችንም የታወቀ ነው፤ ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ እንቅስቃሴ ነው። ድንጋይ ከሚደርስበት ከፍታ በታች ባለው በእያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ጊዜ ያልፋል፤ ሲወጣና ሲወርድ። በድንጋዩ ጥያቄ ሁለት መልስ ሲመጣ ማንም አይደነግጥም። በማሳደዱ ጥያቄ የሚያስደነግጠን ይኸው ድንጋይ መሆኑን ስላላየን ነው።

ድንጋዩ የሚደርስበት ጫፍም አለው። በልጁ ዓይን አውሮፕላኑ ወደ ኋላ የሚመጣው ቢበዛ 6.25 ሜትር ነው። ስለዚህ ልጁ ከ6.25 ሜትር በላይ ወደ ኋላ ቀርቶ ከነበረ ፈጽሞ አይደርስበትም። ር 7 ቢሆን በስሌቱ ከሥር ምልክት በታች አሉታዊ ቁጥር ይመጣል፤ ተማሪው «ስሌቱ ተበላሸ» ብሎ ያስባል። ስሌቱ አልተበላሸም፤ «አይገናኙም» እያለ ነው። እንዲያውም ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ይነግረናል፦ 7 ሲቀነስ 6.25፣ 75 ሳንቲ ሜትር። ይህም የሚሆነው በ2.5ኛው ሰከንድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ስሕተት አነሣለሁ። ብዙ ተማሪዎች «መቼ ይገናኛሉ?» ሲባሉ ፍጥነቶቹን ያስተካክላሉ። እ.ኤ.አ. በ1980 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ትሮውብሪጅና ሊሊያን ማክደርሞት ባሳተሙት ጥናት፣ ሁለት ኳሶች ጎን ለጎን ሲሆኑ ፍጥነታቸውም እኩል ነው ብለው የሚያስቡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንዳሉ አሳይተዋል። የቦታ እኩልነትና የፍጥነት እኩልነት የተለያዩ ክስተቶች ናቸው። በእኛ ምሳሌ ር 6 ሲሆን፣ በ2.5ኛው ሰከንድ ፍጥነቶቹ እኩል ናቸው፤ ልጁ ግን አውሮፕላኑን በ25 ሳንቲ ሜትር ይቀድመዋል። ስለዚህ «ፍጥነታቸው መቼ እኩል ይሆናል?» ብሎ የጀመረ ተማሪ የማይጠቅም ነገር አላገኘም፤ የታሪኩን መካከል አግኝቷል። መምህሩ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ዳርና ዳር ሊመራው ይችላል።

አሁን ወደ አሉታዊው መልስ ልመለስ። «ጊዜ አሉታዊ ሊሆን አይችልም» ስንል ብዙ ጊዜ ተሰምተናል። ይህ ትክክል አይደለም። −3 ማለት ሰዓታችንን ካስጀመርንበት 3 ሰከንድ ቀድሞ ማለት ነው፤ ያ ጊዜ በእርግጥ ነበረ። የምንጥለው ጊዜው ስለሌለ ሳይሆን በዚያ ጊዜ እኩልዮሻችን እውነት ስላልነበረ ነው። እኩልዮሹ ከዜሮ በፊትም አውሮፕላኑ በዚያው ሽምጠጣ ይንቀሳቀስ እንደነበረ ያስባል፦ ከፊት ለፊት በጅራቱ አቅጣጫ እየመጣ፣ እየቀዘቀዘ፣ መነሻው ላይ ለቅጽበት ቆሞ የተመለሰ አድርጎ። አውሮፕላኑ ግን በዚያን ጊዜ መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር። ስለዚህ −3 ያልተፈጸመ ታሪክ መልስ ነው።

ሌላ ሁኔታ እናስብ። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ በእኩል መጠን የሚጨምር ፍጥነትን ሲመረምር ኳሶችን በተዳፋት ጣውላ ላይ ያንከባልል ነበር። በአውሮፕላኑ ምትክ ሽቅብ ተገፍቶ የሚመለስ ኳስ ብናደርግና ሰዓታችንን ኳሱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ብናስጀምር፣ ሽምጠጣው ከዜሮ በፊትም በኋላም አንድ ነው። ሌላኛው ተጓዥ በዚያ ቀድሞ ባለው ጊዜም በዚያው ፍጥነት ይጓዝ ከነበረ፣ −3 እውነተኛ መገናኛ ይሆናል። ስሌቱ ያው ነው፤ ቁጥሩ ያው ነው፤ በአንዱ ይጣላል፤ በሌላው ይያዛል። የሚለየው በጊዜው የተደረገው ነገር ነው።

አዎንታዊ መልስም ቢሆን ሊጣል ይችላል። አውሮፕላኑ በሰከንድ 60 ሜትር ሲደርስ ከመሬት ይለቃል እንበል። በእኛ ሽምጠጣ ይህ 30 ሰከንድና 900 ሜትር ይፈልጋል። ልጁ ከ750 ሜትር በላይ ቀድሞ ከነበረ፣ እኩልዮሹ ከ30 ሰከንድ የሚበልጥ መልስ ይሰጣል። መልሱ አዎንታዊ ነው፤ ያምራልም። ነገር ግን በዚያ ሰዓት አውሮፕላኑ አየር ላይ ነው፤ እኩልዮሻችንም አብቅቷል።

ያ 30 ሰከንድ ራሱ የቦታው ልጅ ነው። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ቦሌ ግን ወደ 2,330 ሜትር ላይ ነው። ጋምቤላን በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ቦሌን በ20 ዲግሪ ብንወስድ፣ የጋምቤላ አየር ምንም እንኳ ቢሞቅ በአንድ ሜትር ኪዩብ 1.08 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን የቦሌው 0.91 ገደማ ነው። ክንፍ የሚያነሣው ኃይል ከአየሩ እፍጋትና ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚመጣጠን፣ ያው አውሮፕላን ያንኑ ጭነት ይዞ ከቦሌ ለመነሣት 9 በመቶ ያህል የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ሽምጠጣው ባይለወጥ እንኳ 30 ሰከንዱ ወደ 33 ይጠጋል፤ የሚንደረደርበት ርቀትም በ19 በመቶ ገደማ ይረዝማል። በተጨባጭ ደግሞ ሽምጠጣውም ቋሚ አይደለም፤ ፍጥነት ሲጨምር የአየሩ ተቃውሞ ይጨምራል፤ የውልብልቢቱ ግፊት ይቀንሳል። «ቋሚ ሽምጠጣ» የምንለው ለጥቂት ሰከንዶች የምንዋዋለው ውል ነው። ውሉ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ መናገር የመልሱ አካል ነው።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለሒሳብ ውበቱ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በአንድ ንግግር የሚፈታም አይደለም። ነገር ግን በእጃችን ያለ አንድ ነገር አለ። የምርጫ ፈተና ተማሪውን ትክክለኛውን ፊደል ይጠይቀዋል እንጂ የጣለውን ለምን እንደጣለ አይጠይቀውም። ያን የሚጠይቅ ቢኖር እኛ ነን፤ በክፍል ውስጥ፣ በቤት ሥራ፣ በቢሮአችን። በሦስት ቋንቋ ተጉዞ እኛ ዘንድ የደረሰ ልጅ ቁጥሩን አስተካክሎ ሲያመጣና እኛ ሳናብራራ ስንሰርዝበት፣ የሚቀረው ትምህርት «የምታየውን አትመን» የሚል ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ነገሮችን ለውጫለሁ። አንደኛ፣ ተማሪዎቼ ቀመር ከመጻፋቸው በፊት የቦታና የጊዜ ሥዕል ይሥላሉ፦ የሯጩ ቀጥ ያለ መስመር፣ የአውሮፕላኑ የታጠፈ መስመር። መስመሩ ኩርባውን ሁለት ቦታ ይቆርጠዋል፣ ወይም ይነካዋል፣ ወይም ያልፈዋል። ሁለተኛ፣ ማንም መልስ ሲጥል ከጎኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፦ «ይህን የጣልኩት ስለዚህ ምክንያት ነው።» ያለ ምክንያት የተጣለ መልስ ነጥብ ያስቀንሳል፤ በምክንያት የተያዘ ሁለተኛ መልስ ግን ነጥብ አያስቀንስም። እርማቱ ረዘም ይላል፤ አልደብቃችሁም። ነገር ግን ተማሪው ምን እንዳሰበ የማውቀው ከዚያች ዓረፍተ ነገር ነው።

የመሳፈሪያ ሰዓት ደረሰና ተነሣን። ለተማሪዬ «ይቅርታ አድርግልኝ፤ ያን ቀን ተሳስቼ ነበር» አልኩት። ጎንበስ ብሎ እጄን ያዘና «መምህር፣ እኔም አሁን አርማለሁ» አለኝ። ምን ለማለት እንደፈለገ አልጠየቅኩትም። እርሱም በቀይ እስክሪብቶ የሰረዛቸው ልጆች እንዳሉት ተረዳሁ።

አውሮፕላኑ መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ዞሮ ሲቆም በመስኮቱ ወደ አጥሩ ተመለከትኩ። ማንም አልነበረም። ሞተሮቹ ሲያጓሩና ወንበሬ ወደ ፊት ሲገፋኝ በልቤ መቁጠር ጀመርኩ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። በእነዚያ አምስት ሰከንዶች ከአፍንጫችን ትይዩ የሚሮጥ ልጅ ቢኖር ኖሮ ይቀድመን ነበር።

ለተማሪዎች አንድ ጥያቄ ትቼ ልፈጽም። ልጁ ከ6 ሜትር ወደ ኋላ ተነሥቶ፣ በ2.5ኛው ሰከንድ ደክሞት ቀጥ ብሎ ቢቆም፣ ሁለተኛው መገናኛ በ3ኛው ሰከንድ ይሆናል? ካልሆነ መቼ ይሆናል? መልሱን ስታገኙ፣ የጣላችሁት መልስ ካለ ለምን እንደጣላችሁት ጻፉልኝ።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንሂድ።